እትዬ እታገኝ ቤተ መንግሥት የሄዱ ዕለት

«ማታ ስትመለስ ያለቀ ነገር ነው የሚጠብቃት» አለ ስንታየሁ። «ቤተ መንግሥቱን ዞራ አይታ፣ ደስ ብሏት፣ ደክሟት ትመጣለች። አልጋዋን ኋላ ክፍል ተዘርግቶ ታገኘዋለች። ያን ጊዜ ምን ልትል ነው?»

እትዬ እታገኝ ይህን የሰሙት ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብለው እግራቸውን ሲታጠቡ ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። አዲሱ ጫማቸው ተረከዛቸውን ልጦ ስላስቸገራቸው ከተክለ ሃይማኖት ከወትሮው ቀደም ብለው ተመልሰዋል፤ ቤት ያሉት ደግሞ ገና ከቅዳሴ ያልወጡ መስሏቸዋል። በቧንቧውና በማዕድ ቤቱ መካከል ያለው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ዝናብ ይከለክል እንደሆነ እንጂ ወሬ አይከለክልም።

«ቢቀየሙንስ?» አለች ሩሀማ፣ የስንታየሁ ሚስት።

«ትቀየማለች፤ ከዚያ ይወጣላታል። ኸይረዲን እንደሆነ ዕቃውን ዛሬ ካላስገባ ሌላ ቦታ ሊይዝ ነው። እሷ ተስማምታለች ብዬዋለሁ። አንቺ ብቻ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት እንዳትመልሻት።»

እትዬ እታገኝ ውሃውን ሳይዘጉ ባሉበት ቀሩ። ስንታየሁ የእህታቸው ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት ከእጇ ተቀብለው ያሳደጉት፣ ድረው ከጎናቸው ያስቀመጡት። ሊያስለቅቋቸው ያሰቡት ክፍል ደግሞ እሳቸው የሚተኙበት የፊቱ ክፍል ነው፤ ከጭድ ተራ ወደ አብነት በሚያወጣው መንገድ ላይ በር ያለው። መርካቶ ውስጥ የመንገድ በር ያለው ክፍል የአሮጊት መኝታ ሲሆን እንቅልፍ የሚያጣው አሮጊቷ ሳትሆን ነጋዴው ነው። ባልዲና ሳፋ የሚያከፋፍለው ኸይረዲን ያችን ክፍል ለመጋዘን ከፈለጋት ቆይቷል። ስንታየሁም ሲኒማ ራስ አካባቢ ይሠራበት የነበረው ጫማ ቤት ከተዘጋ ወዲህ ኪራይዋን ፈልጓታል። ሱቁ መዘጋቱን ለአክስቱ አልነገራቸውም፤ እሳቸውም ማወቃቸውን አልነገሩትም። በየጠዋቱ ተጣጥቦ «ሥራ ልሂድ» ሲላቸው «ይቅናህ» እያሉ ይሸኙታል። ኋላ ክፍል የሚባለው ከሰል የሚቀመጥበት፣ ግድግዳው ክረምት ከበጋ የሚያለቅስ ጠባብ ነገር ነው።

ግን አንጀታቸውን ያሳረረው ክፍሉ አልነበረም። ለሕፃን ልጅ ከረሜላ እያሳዩ መርፌ እንደሚወጉት፣ እሳቸውንም ቤተ መንግሥት እያሳዩ ከቤታቸው ሊነቅሏቸው መሆኑ ነው። ይጮኹ ይሆን? በሩን በርግደው ይግቡ? ሁለተኛውን እግራቸውን አንስተው ቀስ ብለው ታጠቡ። ሲጨርሱ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እንደ ሌባ በጣታቸው እየተራመዱ ከግቢው ወጡ፤ መንገድ ላይ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ የግቢውን በር ጓ አድርገው እንደገና ገቡ።

«ቤቶች! ደህና አደራችሁ!»

ስንታየሁ ፈገግ ብሎ ከማዕድ ቤቱ ብቅ አለ። እሑድ ጠዋት እንደዚያ ፈገግ ብሎ አያውቅም። «እቴቴ፣ ዛሬ ሩሀማ ልታዝናናሽ ነው። ብሔራዊ ቤተ መንግሥት!»

«ጃንሆይ ቤት?» አሉ እትዬ እታገኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እኔን? ምን ሆናችሁ ነው ዛሬ? አንተስ አብረኸን አትሄድም?»

«እኔ ትንሽ ሥራ አለችኝ።»

«እሑድ?»

ስንታየሁ ጆሮውን አከከ። ሩሀማ ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ የሌለ ነገር አነሳች። እትዬ እታገኝ ሁለቱንም አየት አድርገው፣ መረቋቸው። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ልጅ ይውጣላችሁ፣ እንጀራ ይውጣላችሁ፣ ተንኮለኛን ይያዝላችሁ፣ ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ። «አሜን» ሲሉ ሁለቱም ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ከዚያ የበዓል ቀሚሳቸውን ሊለብሱ ገቡና በሩ ላይ ቆም አሉ። «ብቻ ጀሚላን ጥያት አልሄድም። እንደዚህ ያለ ነገር ብቻዬን ባይ ይቆጨኛል።»

እትዬ ጀሚላ ከመስጊዱ ወዲህ ያለው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ የዘመናት ጎረቤታቸው ናቸው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ያለ መኪና የትም አይሄዱም፤ መኪናቸው ደግሞ ልጃቸው ነው። ልጃቸው ኸይረዲን ነው። ሩሀማ ይህን አስባ ወደ ባሏ ዞር ስትል ስንታየሁም ያንኑ እያሰበ ኖሮ ፊቱ አመድ መስሏል። ግን «ጎረቤትሽን አትውሰጂ» ተብሎ እንዴት ይባላል? በምን ምክንያት?

እትዬ እታገኝ ሊጠሯቸው ሄደው ቧንቧ ሥር የሰሙትን ሲነግሯቸው፣ እትዬ ጀሚላ መጀመሪያ ሻርፓቸውን አወለቁ፣ መልሰው ጠመጠሙ። «የኔ ልጅ አለበት?»

«አላውቅም። ተስማምታለች ብለውታል መሰለኝ።»

«ካለበት ዛሬ በሸበጥ ነው የምለው! ጎረቤት አፈናቅሎ ባልዲ ሊከምር? ነይ፣ አሁኑኑ ሄደን እናፍጥጣቸው!»

«ተይ አትጩሂ» አሉ እትዬ እታገኝ። «ብንጮህ ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ እኔም አልቅሼ እታረቃለሁ፤ ሽርሽሩም ይቀርብኛል። እኔ ቤተ መንግሥቱን ማየት እፈልጋለሁ። እነሱ ይክፈሉ፣ ልጅሽ ይንዳ፣ እኛ እንይ። ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው።»

እትዬ ጀሚላ ትንሽ አሰቡና ሳቅ አመለጣቸው። ስልካቸውን አንስተው ደወሉ። ኸይረዲን ከመጋዘኑ ደጅ፣ ባልዲ በተጫነ አይሱዙ አጠገብ ቆሞ ነበር። «ኡሚ፣ ዛሬ አይመቸኝም» ሲል ከስልኩ ወጥቶ ይሰማል። «ስሞት ነው የሚመችህ?» አሉት። መርካቶ ውስጥ ኸይረዲንን ዋጋ ያስቀነሰ ሰው የለም ይባላል፤ እናቱ ግን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ያስቀንሱታል። ብዙም ሳይቆይ መኪናውን በር ላይ አቆመ፤ የአይሱዙውን ሹፌርም «የጭነቱ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው፣ እስክመለስ ንክች እንዳታደርግ» ብሎት ነበር የመጣው።

ከመርካቶ እስከ መስቀል አደባባይ ያለው መንገድ እሑድ ቀን አጭር ነው፤ ለሩሀማ ግን ያን ዕለት አላልቅ አላት። ፊት ወንበር ላይ ከኸይረዲን ጎን ተቀምጣ፣ ሰውየው አፉን በከፈተ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። ኸይረዲን ደግሞ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። «እትዬ እታገኝ፣ በውነት አላህ ይስጥልኝ፤ ስላደረጉልኝ ነገር...» ሲል ሩሀማ «ውይ እዩት ያንን ሕንፃ!» ብላ ጮኸች። ተክለ ሃይማኖት አደባባይን ሲያልፉ «ሰው እንደርስዎ ልበ ሰፊ ሲሆን...» ሲል «መስኮቱን ዝጋልኝ፣ በረደኝ» አለች። ለገሃር ሲደርሱ «ክፈትልኝ፣ ሞቀኝ» አለች። ኋላ የተቀመጡት ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። እትዬ ጀሚላ ሳቃቸውን ለመደበቅ አምስት ጊዜ ያህል አስነጠሱ፤ ልጃቸውም በየጊዜው «የርሀሙኪላህ» ይላቸዋል።

በሩ ላይ ተፈትሸው ሲገቡ የእትዬ እታገኝ እግር ለጊዜው ሕመሙን ረሳ። ግቢው በጽድና በአበባ ተከቧል፤ አንዲት ቆርቆሮ እንኳ አይታይበትም። ከመርካቶ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ዝምታው ነው፤ የሚጠራ ወያላ የለም፣ «ዞር በሉ!» የሚል ተሸካሚ የለም፣ ጋሪ የለም። እትዬ እታገኝ ተንኮላቸውን ለአፍታ ረስተው የእውነት ተደሰቱ። አሮጌዎቹን የቤተ መንግሥት መኪናዎች አንድ በአንድ ዞሩ፤ ጎማቸውን አዩ፣ መስኮታቸውን አዩ፣ በመስታወት ውስጥ ወንበራቸውን ሳያዩ አላለፉም። «ይኼ ሲነሳ ድምፁ እንዴት ይሆን?» እያሉ ኸይረዲንን ይጠይቁታል። ኸይረዲን ግን በመኪና የሚያስብበት ልብ አልነበረውም፤ ስልኩ አሁንም አሁንም ይጮኻል። የአይሱዙው ሹፌር ነው። ከሹፌሩ ቀጥሎ ስንታየሁ ይደውላል። ከስንታየሁ ቀጥሎ ሹፌሩ። ከአዳራሹ በር ላይ አንድ ጥበቃ «ጌታዬ፣ እባክዎ ስልኩን» ብሎ ሲቆጣው ኸይረዲን አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የሩሀማም ስልክ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከአንድ ዓምድ ጀርባ ሄዳ ስታንሾካሹክ እትዬ እታገኝ ከዓምዱ ወዲህ ሆነው የጣሪያውን ጌጥ ያደንቁ ነበር።

«ከኛ ጋር ነው አልኩህ እኮ!... እናቱን ይዞ... ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልጎትተው?... አልጋውን አወጣኸው? ለምን ታወጣዋለህ፣ ዕቃው ሳይመጣ?»

እትዬ እታገኝ ጣሪያውን ማድነቃቸውን ቀጠሉ፤ ጣሪያው ግን አሁን አይታያቸውም። አልጋዬን አውጥቶታል ማለት ነው፣ አሉ በልባቸው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከልባቸው አንዲት ጥግ ላይ፣ ልጁ የመጨረሻው ሰዓት ላይ እጁ እንቢ ይለዋል የሚል ነገር ነበር።

አስጎብኚያቸው ፈጠን ፈጠን የምትል ወጣት ሴት ነበረች። ዙፋኑን አሳየቻቸው፤ ግብር ቤቱን አሳየቻቸው፤ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር በእጇ እያመለከተች ተናገረች። ከመኝታ ቤቱ ገመድ ውጭ ቆመው ሲያዩ እትዬ ጀሚላ «ይኼ አልጋ ብቻውን የኔን ቤት ያህላል» አሉ። ሩሀማ አልጋ የሚለውን ቃል ስትሰማ ደነገጠች። እትዬ እታገኝ ግን እጃቸውን አወጡ፣ እንደ ተማሪ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ንጉሡን ከዚህ ቤት ሲያስወጧቸው እንዴት አድርገው ነው? ነግረዋቸው ነው፣ ወይስ ለሽርሽር እንውሰድዎ ብለው ካስወጧቸው በኋላ ነው ዕቃቸውን ያወጡት?»

ከኋላ ያሉ ጎብኚዎች ሳቁ። አስጎብኚዋም ፈገግ አለች። «አይ እማማ፣ ነግረዋቸው ነው። መስከረም ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት። መኮንኖቹ እዚሁ ግቢ መጥተው፣ ፊታቸው ቆመው፣ ከሥልጣን መውረዳቸውን የሚገልጸውን አዋጅ አነበቡላቸው። ከዚያ በኋላ ነው በቮልስዋገን የወሰዷቸው።»

«ፊታቸው ቆመው?»

«አዎ፣ ፊት ለፊት።»

እትዬ እታገኝ ቀስ ብለው ወደ ሩሀማ ዞሩ። «አየሽ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ምንም ሳይለውጡ፣ «እነዚያ ወታደሮች እንኳ አንብበውላቸዋል።»

ሩሀማ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከፊቷ ላይ ደሟ ወርዶ አልቆ ነበር። ኸይረዲን አንዴ እሷን፣ አንዴ አሮጊቷን አየ። ነጋዴ ነው፤ ሰው ዓይን ውስጥ ያለውን ነገር ከዋጋው በፊት ማንበብ ያውቅበታል። ጎብኚዎቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ እሱ እዚያው ቀረ።

«እትዬ እታገኝ» አለ ዝቅ ብሎ፣ «እርስዎ በክፍሉ ነገር ተስማምተው የለም እንዴ?»

«በየትኛው ክፍል?»

«ለኔ ሊያከራዩኝ... ስንታየሁ ኋላ ክፍል ይሻለኛል ብላለች፣ ፀጥታ ፈልጋለች ብሎኝ...»

«እኔ ዛሬ ጠዋት ቧንቧ ሥር ሆኜ ነው የሰማሁት» አሉ እትዬ እታገኝ።

ኸይረዲን ኮፍያውን አወለቀ። እናቱ ፊቱን ትኩር ብለው ሲመረምሩ ቆዩና በረጅሙ ተነፈሱ። «አልሐምዱሊላህ፣ አላወቀም» አሉ ለጓደኛቸው። «እኔማ ሸበጤን ማውለቅ ጀምሬ ነበር።»

ውጭ፣ ከዛፎቹ ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁሉም ተቀመጡ። ኸይረዲን ውሃ ገዝቶ መጣ፤ ዋጋውን ሲነግራቸው እትዬ ጀሚላ «ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ የተቀመጠ ነው እንዴ?» አሉ። ከሩሀማ በቀር ሁሉም ሳቁ። እሷ የቦርሳዋን ዚፕ እየከፈተች እየዘጋች ታለቅስ ነበር። ያስለቀሳት ነገር ቢኖር ማንም ያልተቆጣት መሆኑ ነው። እትዬ እታገኝ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ዳቦ ቆሎ ዘረጉላት፤ አልወሰደችም፤ እጃቸውን ሳይመልሱ ጠበቋት። በመጨረሻ ሁለት ፍሬ አነሳች።

«እኔ ቢነገርዎት ይሻላል ብዬው ነበር» አለች እያኘከች፣ ማንንም ሳታይ።

«ብለሽዋል። ቢቀየሙንስ ስትዪ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን መጡ? ለምን ጠዋቱኑ አልሰደቡንም?»

እትዬ እታገኝ አሰብ አደረጉ። «ቤተ መንግሥት አይቼ አላውቅም ነበር» አሉ።

ከዚያ ለመመለስ ማንም አልቸኮለም። እንዲያውም እትዬ እታገኝ ያላዩት ነገር እንዳለ እየተናገሩ መላልሰው አዞሯቸው፤ ዙፋኑን ሁለት ጊዜ አዩ፤ አበባው መሀል ፎቶ ተነሡ፤ ሩሀማ ከፍ ባለው ጫማዋ ጠጠሩ ላይ እየተንገዳገደች እግሯ እስኪቃጠል ተከተለቻቸው። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዳትመልሻት ተብለሻል አይደል» ሲሏት ልጅቷ ከፍርሃትም ከድካምም የተነሣ ፍርስ ብላ ሳቀች። ሳቋ ወደ ልቅሶ ሊሄድ ሲል እትዬ ጀሚላ መዳፏን ጨበጡላት።

ሰፈር ሲደርሱ አይሱዙው እስከ በራቸው መጥቶ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ እግሩን መስኮት ላይ ሰቅሎ ተኝቷል። ግቢው ውስጥ ሲገቡ ያዩት ነገር ግን አራቱንም በር ላይ አቆማቸው። የእትዬ እታገኝ የብረት አልጋ ግቢው መሀል ቆሟል። ፍራሹ ግድግዳ ተደግፏል፤ ቁምሳጥናቸው ቧንቧው ጋ አፉን ከፍቶ ቀሚሳቸው ይታያል። ስንታየሁ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ፣ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ፣ ብሎን መፍቻ ይዞ ተቀምጧል። ሁለት ተሸካሚ ቀጥሮ አልጋውን ከፊት ክፍል አውጥቶት ነበር፤ የኋላው በር ግን ጠባብ ኖሮ አልጋው በቁሙም በጎኑም በጀርባውም እንቢ አለ። ተሸካሚዎቹ ገንዘባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ብሎኑ ዝጓል፤ አይፈታም። ያ ሁሉ ምክር ሲመከር በሩን የለካው ሰው አልነበረም።

ከግቢው ማዶ የጎረቤት ራዲዮ ኳስ ያስተላልፋል። እትዬ እታገኝ ሄደው ቁምሳጥናቸውን ዘጉ፤ ከዚያ የልጁ ፊት መጥተው ቆሙ።

«ተነሣ» አሉት። «ጠዋት ለሩሀማ የነገርካትን አሁን ለኔ ንገረኝ። ፊቴ ቆመህ።»

ስንታየሁ ተነሣ። ወደ ሚስቱ አየ፤ ሩሀማ አንገቷን ነቀነቀችለት። ወደ ኸይረዲን አየ፤ ኸይረዲን ኮፍያውን እያየ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፣ ጢሙ ሽበት ጀምሮታል፤ ብሎን መፍቻውን ግን ጥፋት እንደሠራ ልጅ ከኋላው ደበቀ።

«እቴቴ... ክፍሉን እንድትለቂልን ፈልገን ነበር። ሱቁ ተዘግቶብኛል። ነግሬሽ እንቢ ካልሽኝ ሁለተኛ ዓይንሽን ማየት አልችልም ብዬ ፈራሁ።»

«ሱቁ መዘጋቱንማ አውቃለሁ። የት ውለህ እንደምትመጣም አውቃለሁ፤ አብነት ማዞሪያው ጋ ከደላሎቹ ጋር ቆመህ ነው። በየጠዋቱ ይቅናህ የምልህ ለዚያ ነው።» አልጋቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ይኼን ዛሬ ጠዋት እንዲህ ብትለኝ ኖሮ አልጋዬን በራሴ እጅ አነሣልህ ነበር። ከሰል ቤትም ቢሆን እተኛልህ ነበር። አሁን ግን አልተኛም።»

ስንታየሁ ራሱን ነቀነቀ። ነግሯቸው መጨረሱ ራሱ ያሳረፈው ይመስል ነበር። ኸይረዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እኔ ሌላ ቦታ አላጣም። ባልዲ እኮ ነው፤ የትም ያድራል።»

«ቆይ እንጂ፣ ማን ሂድ አለህ?» አሉ። «ግማሹን ውሰድ። በመሀል ኮምፔንሳቶ ምታበት። አልጋዬ ግን በሩ በኩል ነው የሚሆነው። ዕቃህን ልታወጣ ስትመጣ አንኳኩተህ፣ እትዬ እንደምን አደሩ ብለህ፣ ካስገባሁህ ነው የምታልፈው። ኪራዩን ለስንታየሁ ስጠው። ከመስኮቱ በላይ ከከመርክ ግን እናትህን ነው የምጠራብህ።»

«በአላህ ስም!» አለ ኸይረዲን እጁን ልቡ ላይ አድርጎ፣ እናቱን በጎን እያየ።

አልጋውን የመለሱት ስንታየሁና ኸይረዲን ናቸው፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። የሰፈሩ ትልቅ አከፋፋይ በእሑድ ልብሱ የአሮጊት አልጋ ተሸክሞ ሲያቃስት ለማየት ከየበሩ ብዙ ሰው ወጣ። እትዬ ጀሚላ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ አልኩህ፣ ቀኝህን አታውቅም?» እያሉ ያዛሉ። ሩሀማ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወለሉን ጠረገች፤ አንሶላውን አራግፋ አነጠፈች፤ ትራሱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ አሳበጠችው። የአይሱዙው ሹፌር በጫጫታው ነቅቶ «ላራግፍ ወይስ ልሂድ?» ብሎ ጮኸ፤ ማንም አልመለሰለትም።

ሁሉም ሲሄድ ስንታየሁ ብቻ በሩ ላይ ቀረ፣ ልሂድ ልግባ ሳይል። እትዬ እታገኝ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያወልቁ የተላጠውን ተረከዛቸውን አየና ቶሎ ተንበርክኮ ሌላኛውን ጫማ አወለቀላቸው። በመጨረሻ፣ ቀኑን ሙሉ ማንም ያልጠየቃቸውን ጥያቄ ጠየቃቸው።

«ቤተ መንግሥቱስ? እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው» አሉ። «ክፍሉ ብዙ ነው፣ አልጋውም ሰፊ ነው።» እግራቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ጋደም አሉ። «ብቻ የሚኖርበት ሰው አላየሁም። አስወጥተዋቸዋል።»